ቬኒስ ላይ አልጋ ይዤ

ቁልፉ ከባድ ነው። ጡጫ የሚያክል የናስ እንክብል ታስሮበታል፤ እንግዳ ሳያስበው ኪሱ ከትቶት እንዳይወጣ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡልኝ ያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ። እናቴ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አልጋ ታከራይ ነበር፤ ስድስት ክፍል። የኛ ቁልፎች የሚታሰሩት በመዳፍ ልክ በተቆረጠ ጣውላ ላይ ነበር፤ የክፍሉ ቁጥር በጋለ ብረት ተተኩሶበታል። ናስም ሆነ ጣውላ ምክንያቱ አንድ ነው። ቁልፍ ይዞ ክፍለ ሀገር የገባ እንግዳ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይዞ እንደሄደ ይቆጠራል።

ጊዜው ኅዳር 2017 ነው። ከምኖርበት ከሙኒክ በባቡር ሄጄ ቬኒስ አራት ሌሊት አደርኩ። ስለ ጎንዶላውና ስለ ጭምብሉ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስላደርኩበት ቤት ነው። ባለ አንድ ኮከብ፣ ሊፍት የሌለው፣ ሽንት ቤቱና ሻወሩ በኮሪደሩ ጫፍ የጋራ የሆነ ቤት። እኛ አገር አልጋ ቤት የምንለው ዓይነት። አልቤርጎም እንለዋለን፤ ግቢው ከጸዳና ውሃው ከሞቀ ደግሞ ፔንሲዮን ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በሩ ላይ የተንጠለጠለው፣ ቀለሙ የተላጠ ሰሌዳ «አልቤርጎ» ይላል። ሻንጣዬን አቁሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ቃል ለኔ የእናቴ ደጅ ነው።

ሜስትሬ የምትባለውን የየብስ ከተማ እንዳለፈ የባቡሩ ግራና ቀኝ ውሃ ይሆናል። የባቡር ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1846 እስኪከፈት ድረስ ወደ ቬኒስ የሚመጣ ሁሉ በጀልባ ነበር የሚገባው፤ የመኪናው መንገድ የተጨመረው በ1933 ነው። አሁንም ቢሆን መኪና ከተማዋ ጫፍ ላይ ቀርቶ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከጣቢያው በር ሲወጣ ታክሲ ተራ የለም፤ ደረጃው ወርዶ የሚያልቀው ታላቁ ቦይ ዳር ነው።

አልጋ ቤቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረኝም። አድራሻው «ካናሬጆ» ከሚል ስምና ከአንድ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ሌላ ምንም የለውም። ከተማዋ በስድስት ሰፈር ተከፍላለች፤ የቤት ቁጥር የሚወጣው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ነው። ከአንድ ይነሣና በየቅያሱ፣ በየግቢው፣ በየቦዩ ዳር እየዞረ ሺዎች ይገባል። የስልኬ ካርታ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠርዝ ላይ አድርሶ አቆመኝ። በመጨረሻ እንደ አገሬ ልማድ ሱቅ ገብቼ ጠየቅሁ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የውሃ ጉድጓዱን አልፈሽ፣ ሁለተኛው ድልድይ ሥር» ተባልኩ። እንዲህ ያለ አቅጣጫ ይገባኛል፤ ያደግሁበት ነው። የመንገዶቹ ስም በየግድግዳው ላይ በነጭ በተቀባ አራት ማዕዘን ውስጥ በጥቁር ይጻፋል። ቬኒሶች እነዚህን ምልክቶች ኒሲዮሌቲ ይሏቸዋል፤ ትንንሽ አንሶላዎች ማለት ነው። አንሶላ በማጠብና በማስጣት ላደገች ልጅ ከዚህ የተሻለ አቀባበል አይገኝም።

እማዬ አልጋ ስይዝ የማደርገውን ያስተማረችኝ አፌን ከመፍታቴ ጋር ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ አንሶላውን ማሽተት፣ ቀጥሎ ትራሱን መገልበጥ፣ ከዚያ የበሩን መቀርቀሪያ መሞከር፣ በመጨረሻ መስኮቱ ምን ላይ እንደሚከፈት ማየት። አንሶላው የሳሙና ሽታ ነበረው፤ ጠርዙ በካውያ ተመትቷል። ትራሱ ንጹሕ ነው። መቀርቀሪያው ይይዛል። መስኮቱ የሚከፈተው አንዲት ጠባብ ቦይ ላይ ነው፤ ከማዶ ያለው ግድግዳ እጅ ቢዘረጋ የሚነካ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ገብታ ውሃው ላይ ስታርፍ ነጸብራቁ ጣሪያው ላይ፣ በጥቁሮቹ ወራጆች መካከል ይርገበገባል። ወለሉ ደቃቅ የዕብነ በረድ ስብርባሪ ተፈጭቶና ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው፤ ያዘነብላል። የያዝኩት ብርቱካን ከእጄ ቢያመልጥ ራሱ ተንከባሎ መስኮቱ ሥር ሄዶ ቆመ። ዋጋው በሌሊት 62 ዩሮ፣ በዚያ ላይ ለከተማው የሚከፈል የማደሪያ ግብር አለ። ለቬኒስ ይህ ርካሽ ነው፤ ወሩም ኅዳር በመሆኑ ነው።

ባለቤቲቱን ሁሉም ሲኞራ ስለሚላቸው እኔም ሲኞራ አልኳቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። አባታቸው የቤተሰቡን ቤት ሁለት ፎቅ ወደ አልቤርጎ የለወጡት ሲኞራ ልጅ ሳሉ ነው፤ እሳቸው የተወለዱት አሁን 5 ቁጥር በሆነው ክፍል ውስጥ ነው። የተወለድሽበትን ክፍል ማከራየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እኛም ቤት እንግዳ ሲበዛ የእማዬ መኝታ ቤት ይለቀቅና እሷና እኔ ጓዳ ፍራሽ ዘርግተን እናድር ነበር። ይህን ስነግራቸው እጄን ያዝ አድርገው «እኛም ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንግዳ መሆኔ ቀረ።

ሲኞራ ግን ያን ቤት አያድሩበትም። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ሰፈር ውስጥ ምድር ቤት ያለው ኪራይ ሲያፈላልጉ ያገኙት ሁሉ ለጎብኚ በሌሊት የሚከራይ ሆነባቸው። ሜስትሬ ልጃቸው ጋ ይኖራሉ፤ ጠዋት ይመጣሉ፣ ማታ ይሄዳሉ። የሚያግዛቸው የባንግላዴሽ ልጅም ሜስትሬ ነው የሚኖረው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እሱም የውጪውን በር ዘግቶ ይሄዳል፤ ለእንግዶች የበር ቁልፍና የስልክ ቁጥር ተሰጥቶናል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቤቱ ሰው የለም። ሁላችንም እንግዶች ነን።

የመጀመሪያዋን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የእማዬ አልጋ ከመግቢያው በር ጀርባ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት የሚያንኳኳ የክፍለ ሀገር ሹፌር፣ ለሐኪም ቀጠሮ ከጎጃም የመጣ ሽማግሌ፣ ተጣልታ ከቤቷ የወጣች ሴት፤ ሁሉም «አልጋ አለ?» ሲል የምትነሣው እሷ ነበረች። ፎጣዋን ደርባ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዛ። «እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት» የሚለውን ተረት ደጋግማ ትላለች፤ ግን ገንዘብ የጨረሰ እንግዳ ስታስወጣ አይቻት አላውቅም። የቤት ኪራይ ንግድ ነው ብዬ ላምን የቻልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1951 በቬኒስ ደሴቶች ላይ፣ በጥንታዊው ከተማ፣ ወደ 175 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። አሁን ከ50 ሺህ በታች ነው። ሪያልቶ ከሚባለው ድልድይ አጠገብ ያለ አንድ ፋርማሲ መስኮቱ ላይ የነዋሪውን ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ሰሌዳውም ይቀንሳል። በ2023 ደግሞ ለጎብኚ የሚከራየው አልጋ ብዛት የነዋሪውን ብዛት አለፈ። ይህን ዜና ያን ጊዜ ሳነብ ቁጥር ብቻ መስሎኝ ነበር። ሲኞራ ማታ ማታ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ከገዛ ቤታቸው ወጥተው ወደ አውቶቡስ ሲሄዱ ካየሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። አማርኛችን አልጋ ሲል ዙፋንም ማለቱ ነው፤ አልጋ ወራሽ እንላለን። እዚህ አልጋው በዝቶ ወራሹ ሸሸ።

ከተማው ችግሩን አላየም አልልም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ሚያዝያ ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለቀን ጉብኝት ብቻ የሚገባ ሰው መግቢያ እንዲከፍል ተደርጓል፤ በመጀመሪያው ዓመት 5 ዩሮ ነበር፤ የሚያድር አይከፍልም። እኔ ግን ከጥቂት ቀን እይታዬ ተነሥቼ፣ የሚገባውን መቁጠር የሚወጣውን አይመልስም እላለሁ። ሲኞራ «ሰፈሬ የነበረው ዳቦ ቤት ጭምብል መሸጫ ሆኗል» ሲሉኝ፣ «ልጆች የሚያስተምር ትምህርት ቤት ክፍል ሞልቶ አይጀምርም» ሲሉኝ፣ የሚያወሩት ስለ ገንዘብ አልነበረም። እኔም ከእነዚያ አልጋዎች አንዱ ላይ መተኛቴን አልረሳሁም። ቢሆንም ባለቤት ካለው አልጋ ቤትና ቁልፉ ከደጅ ሳጥን ውስጥ በኮድ ከሚወሰድ አፓርታማ መካከል ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ቢያንስ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» የሚልሽ ሰው አለው።

ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው፤ የሞተር ድምፅ የለም፣ ጥሩምባ የለም። የሚሰማው ውሃው የቤቱን እግር ሲልስ ነው። ጎህ ሲቀድ የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የእጅ ጋሪ በድልድዩ ደረጃ ላይ ሲወርድ ይሰማል፤ ጀልባ መጥታ ትጭነዋለች። ከዚያ የጎብኚው ሻንጣ ጎማ ይጀምራል።

ተኝቼ የማስበው ከሥሬ ስላለው ነገር ነበር። የቬኒስ ቤቶች የቆሙት ረግረጉ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ነው። ግንዱ እየተቀጠቀጠ ወደ ጠንካራው ሸክላ አፈር ይወርዳል፣ ላዩ በሳንቃ ይያዛል፣ ከዚያ ከኢስትሪያ የሚመጣ ነጭ ድንጋይ ይደረደራል፣ ከዚያ ጡብ። እንጨቱ ጭቃው ውስጥ አየር ስለማያገኝ ለዘመናት ሳይበሰብስ ይቆያል። ድንጋዩ ደግሞ ውሃ ስለማያሳልፍ ጨዋማው እርጥበት ወደ ጡቡ እንዳይወጣ ያግዳል። ባሕሩ ከፍ እያለ ድንጋዩን አልፎ ጡቡን ሲነካ ግን ጨዉ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ይፈረፍረዋል። ሲኞራ መግቢያው መቃን ላይ በእርሳስ የተሠመረ መስመር አሳዩኝ፤ ጭናቸው ጋ ይደርሳል። ኅዳር 12 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ሌሊት ውሃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ከዚያ የበለጠው በ1966 የደረሰው 194 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያኔ ምድር ቤት የነበረው ማቀዝቀዣ ተንሳፎ ደረጃው ላይ ተሰነቀረ። አሁን ሐይቁን ከባሕር በሚያገናኙት ሦስት በሮች ላይ ሞዜ የሚሏቸው 78 የብረት መዝጊያዎች አሉ፤ ከባድ ማዕበል ሲተነበይ አየር ተነፍቶባቸው ከውሃው ወለል ተነሥተው ይቆማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕበል የመለሱት በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ነው። «ከዚያ ወዲህ ሲዘንብ ነቅቶ ያድር የነበረው ልቤ ተኝቷል» አሉኝ ሲኞራ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠራውን የዓለም ካርታ ለማየት። ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ነው። ደቡቡ ወደ ላይ ስለሆነ አውሮፓን ለማየት ጎንበስ፣ ኢትዮጵያን ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል። ሸዋ አለ፣ አማራ አለ፣ አዋሽ አለ፤ በጣልያን ፊደል፣ ነገር ግን በእኛ ስም። ፍራ ማውሮ ካርታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ፣ ይህን ያገኘው ከአገሩ ተወላጆች መሆኑን፣ መነኮሳት እንደነበሩና አውራጃውንና ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት ይመሰክራል። ካርታው ፊት ብዙ ቆምኩ። አንድ ሰው ከቤቱ ርቆ፣ በባዕድ ሰው ፊት ተቀምጦ፣ «ወንዙ እዚህ ነው፤ ስሙ እንዲህ ነው» ብሎ የሚሥልበት ሰዓት ምን ያህል ናፍቆት እንደሚይዝ ይገባኛል። እኔም ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ፣ ከመጋቢት 2016 ወዲህ ለሰው ስለ ፒያሳ ስናገር ወረቀት ላይ እሥላለሁ፤ እዚህ ሥጋ ቤቱ፣ እዚህ ኬክ ቤቱ፣ እዚህ የኛ በር።

ከእነዚያ መነኮሳት ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1402፣ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ስጦታ ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። ወዲያ የሄደም አለ። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ1480 ገደማ ኢትዮጵያ ገባና እዚያው ሸመገለ፤ ከ40 ዓመት በኋላ የመጡት ፖርቱጋሎች በሕይወት አገኙት። አገሬው መርቆሬዎስ ብሎት ነበር። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ስም እስኪወጣለት የኖረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ኅዳር 12 ልምጣ። በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ሲኞራ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው መጡ። «ዛሬ የሳሉቴ በዓል ነው፤ ነይ» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1630 በቬኒስ ወረርሽኝ ገብቶ የከተማዋን ሕዝብ ሲሶ ያህል ጨረሰ። መስፍኑና ሸንጎው መቅሠፍቱ ከቆመ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብለው ተሳሉ። ባልዳሳሬ ሎንጌና የሚባል ወጣት አርክቴክት ሥራውን ተቀበለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግንድ ተተክሎ፣ በታላቁ ቦይ አፍ ላይ ያ ትልቁ ጉልላት ቆመ። በ1687 ተመረቀ፤ ሎንጌና ከአምስት ዓመት በፊት ሞቶ ስለነበር አላየውም። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን በቦዩ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ተሻግሮ ሻማ ያበራል።

ተራ ይዘን ተሻገርን። የሰማሁት ቋንቋ ሁሉ የቬኒስ ነበር፤ ከሜስትሬ የመጡ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ድልድዩ መሐል ቆመው የሚሳሳሙ የድሮ ጎረቤቶች። ሲኞራ በየአሥር እርምጃው ሰው ያቆማቸዋል። «ዛሬ ከተማዋ የኛ ናት» አሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ሁለት ሻማ ገዝተው አንዱን ለኔ ሰጡኝ።

ሻማውን ይዤ ቀኑን ስቆጥር ነው የደነገጥኩት። ኅዳር 21 በዚያ ዓመት የኛ ኅዳር 12 ነው። ሚካኤል ነው። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያረግፍ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሲያልቅ፣ ለዚያ መታሰቢያ ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ተሰብስቦ የሚጨስበት ቀን። ሁለት ከተሞች፣ የማይተዋወቁ፣ መቅሠፍታቸውን በአንድ ቀን ያስባሉ። አንዱ በሻማ፣ አንዱ በጭስ። እማዬ በዚያ ቀን ስድስቱንም ክፍል ታስለቅቅ ነበር፤ ፍራሽ ይወጣል፣ ያረጀው ገለባ ከውስጡ ይፈሳል፣ ጎህ ሳይቀድ ደጁ ላይ ይነዳል። የሰፈሩ ጭስ ከየበሩ ተነሥቶ ከላይ ይገናኛል። ሰው ሁሉ እያሳለ ይስቃል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ሆኜ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አጠናችሁ?»

«ኮንዶሚኒየም ላይ ምን ይታጠናል ልጄ? አራተኛ ፎቅ ነኝ። ትንሽ ዕጣን አጨስኩ፤ ጎረቤት በሩን ዘጋ።»

ስላለሁበት በዓል ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የሙያዋን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«አልጋው እንዴት ነው?»

«ንጹሕ ነው። አንሶላው ካውያ የተመታ ነው።»

«ባለቤቲቱ እዚያው ያድራሉ?»

«አያድሩም እማዬ። ሌላ ከተማ ነው የሚያድሩት።»

«ታዲያ ሌሊት እንግዳ ቢታመም ማን ይሰማዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እማዬ ከቤቱ ይዛ የወጣችው ነገር ብዙ አይደለም። አልጋዎቹን ሸጠቻቸው። ስድስቱ ቁልፎች ግን ከነጣውላቸው ኩሽናዋ ውስጥ፣ በምስማር ላይ፣ በተራ ተሰቅለዋል። አቧራ ታራግፍላቸዋለች።

ማታ ሲኞራ ካስትራዲና የሚሉትን የበግ ሾርባ አመጡልኝ፤ ሥጋው ጨውና ጭስ የጠገበ፣ ከጥቅል ጎመን ጋር ረጅም ሰዓት የበሰለ። በዓመት አንዴ፣ ለዚህ በዓል ብቻ ይሠራል። ያን ምሽት ሲኞራ ወደ አውቶቡሱ አልቸኮሉም። 5 ቁጥር ባዶ ነበር፤ እዚያ አደሩ። ሌሊት ኮሪደሩ ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ መብራት በራ፣ ጠፋ። ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሻንጣዬን ዘጋሁና አልጋውን አነሣሁ። ያደርኩበትን አልጋ እንደተመሰቃቀለ ትቼ መውጣት አልችልም። አንሶላውን እያራገፍኩ ሳለ ሲኞራ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ተዪው» አላሉኝም። መጥተው ሌላኛውን ጫፍ ያዙ። ወደ ኋላ ተራመድን፣ ወጠርነው፣ አንዴ አራገፍነው፣ እጥፍ አድርገን ወደ መሐል ተገናኘን። ጠርዝ ከጠርዝ ሳይዛነፍ ገጠመ።

«ይህን የት ተማርሽ?» አሉኝ።

«ፒያሳ።»

በቬኒስ ሌላው አደባባይ ሁሉ ካምፖ ነው የሚባለው፤ ፒያሳ የሚሉት አንዱን ብቻ ነው። ግር ብሏቸው «ሳን ማርኮ?» አሉ።

«አይደለም ሲኞራ። የኛው ፒያሳ» አልኩና አንሶላውን እንደገና አጠፍነው።